የአልበሙ ገጽ ሳንቲሞቼን አረንጓዴ እያደረጋቸው ነው፤ ወደ ምን ላዛውራቸው?

ገጽ ገላጭ፦

ጤና ይስጥልኝ። አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ሳንቲም መሰብሰቡን ሲተው ያለውን ሁሉ ከነአልበሙ ለኔ አስተላለፈልኝ። ስብስቡ ወጥ አይደለም፤ እጁ የገባውን ሁሉ ነበር የሚያስቀምጠው። እስከ 1964 የተመቱ የአሜሪካ ሩብ ዶላሮች፣ የ1920ዎቹ የእንግሊዝ ሃፍ ክራውኖች፣ የተለያዩ አገሮች ዩሮዎች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዚንክ የተመቱ የቤልጂየም ፍራንኮች፣ አንድ የ1943 የአሜሪካ የአረብ ብረት ሳንቲም እና አንድ ማርያ ትሬዛ አሉበት።

አልበሙ ከውጭ ሲያዩት ያምራል። ችግሩ ውስጡ ነው። ገጾቹ በጣም ለስላሳ ፕላስቲክ ናቸው፤ ገና ስከፍተው ልክ አዲስ የዝናብ ልብስ የሚሸተው ዓይነት ሽታ ፊቴን ይመታኛል። ሃፍ ክራውኖቹ ላይ፣ በንጉሡ አንገት ሥር እና በፊደሎቹ መሃል፣ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ተጠራቅሟል። ሩብ ዶላሮቹ ላይ ይህን ያህል አይታይም፤ ግን ወደ መብራት ዘንበል ሳደርጋቸው እንደ ስስ ጭጋግ ያለ ነገር አለ። ማርያ ትሬዛዋ ደግሞ ኪሱ ውስጥ በግድ ተወጥራ ነው የገባችው፤ ኪሱ አንድ ጎኑ ላይ ተቀዷል።

ማወቅ የምፈልገው ይህ አረንጓዴ ነገር ይለቅ እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ገጽ መግዛት እንዳለብኝ፣ እና ይህን ሁሉ የተለያየ መጠንና ብረት በአንድ አልበም ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ነው። ሳጥን ውስጥ አስቀምጣቸው የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን አልበም ነው የምፈልገው። ለኔ ደስታው ገጹን መግለጥ፣ ፊትና ጀርባውን ማየት፣ ቤት ለመጣ ሰውም ማሳየት ነው።

ጠርዝ ያዥ፦

ወንድሜ፣ ሽታውን ስትገልጽ የጥያቄህን ግማሽ ራስህ መልሰኸዋል። ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ በራሱ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ ለስላሳና ተጣጣፊ እንዲሆን ዘይት መሰል ማለስለሻ ይጨመርበታል። ያ ማለስለሻ ግን ከፕላስቲኩ ጋር አይቆይም። ዓመት እየተቆጠረ፣ ሙቀት ሲበዛ ደግሞ ቶሎ፣ እየወጣ ሳንቲሙ ላይ ያርፋል። ፕላስቲኩ ራሱ እያረጀ ሲበሰብስ ክሎሪን ያለበት አሲድ ይለቃል፤ ያ አሲድ መዳብን ይበላል፤ አረንጓዴው የተበላው መዳብ ነው።

«የኔዎቹ ብር ናቸው፣ መዳብ ከየት መጣ?» ልትል ትችላለህ። እንግሊዝ ከ1920 እስከ 1946 የመታቻቸው የብር ሳንቲሞች ግማሻቸው ብቻ ነው ብር፤ ከቀሪው አብዛኛው መዳብ ነው። ሩብ ዶላሮችህ 90 በመቶ ብር፣ 10 በመቶ መዳብ ናቸው። ለዚህ ነው ሃፍ ክራውኖቹ ቀድመው የተጎዱት።

ስለዚህ አልበም ከመምረጥህ በፊት ዛሬውኑ ሁሉንም አውጣ። ሁሉንም ያልኩት አስቤበት ነው፤ ንጹሕ የሚመስሉትንም ጭምር። ጉዳቱ ሲጀምር ቀለም የለውም። መብራት ሥር ያየኸው ጭጋግ እሱ ነው። ለጊዜው ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ፣ እርስ በርስ ሳይነካኩ ደርድራቸው።

አረንጓዴውን የሚያወጣልህ ንጹሕ አሴቶን ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይደለም፤ እሱ ሽቶና ዘይት ይጨመርበታል፣ ያም መልሶ ሳንቲሙ ላይ ይቀራል። ሁለት የብርጭቆ ሳህን ውሰድ፤ አንዳንድ ፕላስቲክን አሴቶን ያሟሟዋል። መስኮት ክፈት፣ እሳትም ሲጋራም በአካባቢው አይኑር፤ አሴቶን በጣም ተቀጣጣይ ነው። ሳንቲሙን አንዱ ሳህን ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች አስተኛው፣ ገልብጠው፣ ከዚያ አዲስ አሴቶን ወዳለበት ሁለተኛው ሳህን አዛውረው። ጠርዙን ይዘህ አውጣና ራሱ እስኪደርቅ ተወው። አትሸው። ጥጥም ቢሆን አይነካው። ማሸት የሚተወው ጭረት ከፒቪሲው የባሰ ነው፤ ጭረት በምንም አይመለስም። አሴቶን ብረቱን አይነካም፤ ብር በዘመን ብዛት ያወጣው ጥቁረትና ቀለምም እንዳለ ይቀራል። የሚሄደው ቅባቱና አረንጓዴው ብቻ ነው። አሲዱ በልቶት የጎደጎደ ቦታ ካለ ግን ጎድጓዳው ይቀራል፤ ያንን የሚመልስ ነገር የለም።

ገጾቹ ፒቪሲ መሆናቸውን በዓይንህ ማየት ከፈለግህ፣ ከአንዱ ገጽ ጥግ ትንሽ ቁረጥ። የመዳብ ሽቦ እሳት ላይ አግለህ ፕላስቲኩን ንካበትና መልሰህ እሳቱ ውስጥ አስገባው። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት ማለት ነው። ጭሱ መርዝ ስለሆነ ከቤት ውጭ፣ ነፋሱን ከጀርባህ አድርገህ ሞክረው።

አሁን ወደ አልበሙ። ስትገዛ ሽፋኑን አትይ፤ ገጹ ከምን እንደተሠራ ጠይቅ። ፖሊፕሮፒሊን፣ ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊስተር ከሆነ ደህና ነው። ፖሊስተር ሲታጠፍ ኳ ኳ የሚል፣ ደረቅ ነገር ነው፤ እንደ ፒቪሲ አይለሰልስም፣ አይሸትም። ሻጩ «ፕላስቲክ ነው» ብቻ ካለህ አትግዛ።

እኔ የምጠቀመው 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ መሃሉ ላይ የፖሊስተር መስኮት ያለው የካርቶን መያዣ ነው። ሁለት ገጽ አለው፤ ሳንቲሙን መሃል አድርገህ ታጥፈዋለህ። ይህ መያዣ 20 ኪስ ባለው የፖሊፕሮፒሊን ገጽ ውስጥ ይገባል። ያንተ ስብስብ መጠኑ የተለያየ ስለሆነ ከዚህ የሚሻል የለም ባይ ነኝ፤ ከውጭ ሁሉም እኩል 5 በ5 ነው፣ የሚለያየው መስኮቱ ብቻ። መስኮቱ በብዛት ከ17.5 ጀምሮ በ2.5 ሚሊ ሜትር ልዩነት እየጨመረ ይሄዳል። ሩብ ዶላርህ 24.26 ሚሊ ሜትር ነው፣ 25ቱ ይበቃዋል። 2 ዩሮ 25.75 ስለሆነ ወደ 27.5 ያልፋል። ሃፍ ክራውን 32.3 ነው፤ በ32.5 መስኮት ልክ ይመስላል፣ ግን ጠርዙ ካርቶኑን ይነካል፣ 35ቱን ውሰድ። ስትለካ የብረት ካሊፐር አትጠቀም፣ ፕላስቲኩ ይበቃል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በደንብ ልናገር፤ ብዙ ቆንጆ ሳንቲም ሲበላሽ ያየሁት በዚህ ነውና። መያዣው በስቴፕለር ሽቦ ነው የሚዘጋው። ሽቦው ከጀርባ በኩል ጎበጥ ብሎ ይወጣል። አልበሙ ሲዘጋ ያ ጉብታ ከፊት ለፊቱ ባለው ገጽ ያለውን መስኮት ይጫናል፤ ገጽ በተገለጠ ቁጥር ይፍቃል፤ ቀስ በቀስ ፊልሙን ቀዶ ሳንቲሙ ጋ ይደርሳል። ከመታህ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ በፒንሳ ጨፍልቀው። ጣትህን ስታሳልፍበት ምንም ሊሰማህ አይገባም። ሳንቲሙን ልታወጣ ስትፈልግ ደግሞ ሽቦዎቹን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ንቀል፤ ግማሹ እንደተሰካ መያዣውን ስትከፍት የሽቦው ጫፍ በሳንቲሙ ፊት ላይ ያልፋል።

ጽሑፉን ሳንቲሙ ከመግባቱ በፊት ጻፍ። አገር፣ ዓመት፣ ዋጋ፣ ብረት፣ ከማን እንዳገኘኸው። ከገባ በኋላ እስክሪብቶ ተጭነህ ብትጽፍ ግፊቱ ያልፋል።

ድቡልቡል፦

ከጠርዝ ያዥ ጋር ስለ ፒቪሲው እስማማለሁ፤ ካርቶኑ ላይ ግን እንለያያለን። ካርቶን ወረቀት ነው፤ ርካሹ ካርቶን ውስጥ ድኝ ይኖራል፣ ድኝ ደግሞ ብርን ያጠቁራል። ሲቆረጥም የወረቀት ብናኝ ይተዋል፤ መስኮቱ ውስጥ ከሳንቲሙ ጋር የተዘጋ አንድ ብናኝ እርጥበት ይዞ መዳብ ላይ ጥቁር ነጥብ ይሠራል።

እኔ ሁሉንም በደረቅ ክብ ካፕሱል ነው የማስቀምጠው። ካፕሱሉ ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ፊቱን የሚነካ ነገር የለም። በተለይ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ለሰብሳቢ ተብሎ የተመታ ሳንቲም ካለህ፣ ለስላሳ መስኮት ጋር ማስጠጋት አይገባም። ካፕሱሎቹን በመጠን በመጠን መሳቢያ ውስጥ ደርድራቸው። ሰው ሲመጣ መሳቢያውን ትስባለህ፤ እሱም ማሳየት ነው።

ባዶ ቀዳዳ፦

ወንድሜ፣ ያንተን ሐሳብ ይዤ ልከራከርልህ፤ አልበም አልበም ነው፣ መሳቢያ ሌላ ነገር ነው።

እኔ የምሰበስበው የአሜሪካ የክፍለ ግዛት ሩብ ዶላሮችን ነው፤ ከ1999 እስከ 2008 በዓመት አምስት አምስት እየተመቱ 50 የሞሉትን። ለእያንዳንዱ የተቆረጠ ቀዳዳ ባለው አልበም ነው የምይዛቸው፤ ከሥሩ የግዛቱ ስምና ዓመቱ ታትሟል፣ በፊላደልፊያና በዴንቨር ከተሞች ለተመቱት ለየብቻ ቀዳዳ አለው። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ቀዳዳ ያለው የካርቶን ሰሌዳ ሲወጣ ብዙ ሰው ከኪሱ ሳንቲም ዓመተ ምሕረት እየፈለገ መሙላት የጀመረው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ባዶው ቀዳዳ የጎደለህን ይነግርሃል። ስም አለው፣ ዓመት አለው፣ ይጠብቅሃል። ካፕሱል የሞላ መሳቢያ ይህን አይነግርህም።

ችግሩንም ልንገርህ። ጀርባው የተዘጋው ዓይነት አንዱን ፊት ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ሳንቲሙንም በአውራ ጣት ተጭነህ ነው የምታስገባው፣ የጣትህ አሻራ እዚያው ይቀርና ከጊዜ በኋላ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ጓንት አድርገህ ወይም ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ አድርገህበት ተጫን። በሁለቱም በኩል የሚያሳየው ዓይነት ላዩ ላይ የሚንሸራተት ግልጽ ፊልም አለው። ፊልሙን ስትስብ ሳንቲሙ ከቀዳዳው ትንሽ ብቅ ብሎ ከሆነ፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ፣ ጉንጩና ፀጉሩ ላይ፣ ትይዩ የሆኑ ቀጫጭን መስመሮች ይቀራሉ። ከመሳብህ በፊት ሳንቲሙን እስከ መጨረሻው አስገባው፣ ሲገፋም ሲሳብም ቀስ ይበል።

ያንተ ስብስብ የተደባለቀ ስለሆነ ለአብዛኛው የጠርዝ ያዥ ኪስ ይሻልሃል። አንዱን ተከታታይ ብቻ መርጠህ፣ ለምሳሌ ሩብ ዶላሮቹን፣ ቀዳዳ ባለው ብትጀምር ግን ደስታውን ታየዋለህ።

ገጽ ገላጭ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሽቦውን ከቤት ውጭ ሞከርኩት፤ ነበልባሉ ደማቅ አረንጓዴ ሆነ። ሁሉንም አውጥቼ በአሴቶን አሳለፍኳቸው። ሩብ ዶላሮቹ ጭጋጉ ሙሉ በሙሉ ለቀቃቸው። ከሃፍ ክራውኖቹ አንዱ ላይ፣ ከዓመተ ምሕረቱ አጠገብ፣ ጥቃቅን ጉድጓዶች ቀርተዋል፤ ጋሼ ጠርዝ ያዥ እንዳሉት ነው።

መያዣና ገጾቹን ገዝቼ መደርደር ጀምሬያለሁ፤ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሁሉንም ፊታቸውን ቀጥ አድርጌ ነው ያስገባኋቸው። ገጹን ስገልጠውና ከኋላ ሳየው ዩሮዎቹና ሃፍ ክራውኖቹ ቀጥ ብለው ይታያሉ፤ ሩብ ዶላሮቹ ላይ ግን ንስሩ ተዘቅዝቋል። ያስገባሁበት መንገድ ነው ወይስ አመታቱ? ደግሞ ማርያ ትሬዛዋ በየትኛውም መስኮት አልገባ አለችኝ። ዚንኮቹንና የብረቷን ሳንቲምስ ከሌሎቹ ጋር ላስቀምጣቸው?

ጠርዝ ያዥ፦

አስተዋይ ዓይን አለህ። አንተ ምንም አላጠፋህም፣ አመታታቸው ነው። ሳንቲም ሲመታ የፊቱና የጀርባው ቅርጽ እርስ በርስ የሚቀመጡበት ሁለት ልማድ አለ። በአንዱ፣ ሳንቲሙን ወደ ጎን፣ መጽሐፍ እንደምትገልጠው፣ ስታዞረው ጀርባው ቀጥ ይላል፤ ዩሮና የእንግሊዝ ሳንቲሞች እንዲህ ናቸው። በሌላው፣ ከላይ ወደ ታች ስትገለብጠው ነው ጀርባው ቀጥ የሚለው፤ አሜሪካ ይህን ነው የምትከተለው። የአልበም ገጽ ደግሞ ወደ ጎን ነው የሚገለጠው፤ ስለዚህ የአሜሪካዎቹ ሁልጊዜ በጀርባ ይዘቀዘቃሉ።

መፍትሔው በምታሳየው ላይ ይወሰናል። እኔ ሁለቱን ዓይነቶች አንድ ገጽ ላይ አልደባልቅም። የአሜሪካዎቹን ለብቻቸው አንድ ገጽ እሰጣቸዋለሁ፤ ዋናው ነገር ጀርባው ላይ ከሆነ፣ እንደ እህታችን ባዶ ቀዳዳ የክፍለ ግዛት ሩቦች፣ ጀርባውን ወደ ፊት አድርጌ ቀጥ አስገባለሁ፣ የሰውየው ምስል ከኋላ ይዘቀዘቅ። አንድ ገጽ ሙሉ በአንድ አቅጣጫ ከቆመ ዓይን አይረበሽም። የሚያስጠላው አንዱ ቀጥ፣ አንዱ የተዘቀዘቀ ሲሆን ነው። ያልጠቀስኳቸውን አገሮች ከመዝጋትህ በፊት በጣትህ ወደ ጎን አዙረህ እያቸው፤ ሁሉንም በቃል መያዝ አይቻልም።

ማርያ ትሬዛ ስፋቷ ከ39.5 እስከ 41 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትልቁ የካርቶን መስኮት አብዛኛውን ጊዜ 39.5 ላይ ያበቃል። አስገድደህ አታስገባት። ጠርዟ ላይ ያለውን ጽሑፍና ጌጥ አይተኸዋል? ካርቶን የሚያፍነው እሱን ነው። ድቡልቡል ስለ ካፕሱል ያለው ለእሷ ልክ ነው። እዚህ ላይ ሁለታችንንም የሚያስታርቅ ነገር አለ፤ ከውጭ 50 በ50 ሚሊ ሜትር አራት ማዕዘን የሆነ ደረቅ ካፕሱል ይሸጣል፣ ውስጡ ክብ ነው፣ እስከ 41 ሚሊ ሜትር የሚይዝም አለው። 20 ኪስ ባለው ገጽህ ውስጥ ልክ ይገባል። ወፍራም ስለሆነ ግን ገጹን በሱ አትሙላው። 28 ግራም የምትመዝን ብር ከካፕሱሏ ጋር ስትደማመር ገጹን ወደ ታች ትጎትታለች፤ ከታችኛው ረድፍ፣ ገጾቹን ወደሚይዙት ቀለበቶች በሚቀርበው ኪስ አስቀምጣት። ዓመቷን ስትጽፍ ደግሞ 1780 ብለህ ብቻ አትለፍ። ንግሥቲቱ በሞተችበት ዓመት የተጻፈው ቀን ሳይቀየር ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመን ሲመታ ቆይቷል፤ «1780 የሚል፣ ኋላ የተመታ ሊሆን ይችላል» ብለህ ጻፍ።

ዚንኮቹንና የብረቷን ለብቻቸው አድርጋቸው፤ አጥብቄ ነው የምነግርህ። ዚንክ እርጥበት ሲነካው ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ያ ዱቄት ከወጣ በኋላ ሥሩ ተበልቷል። የ1943ቱ ሳንቲም አረብ ብረት ሆኖ በዚንክ የተለበጠ ነው። መለበጡ ግን የተካሄደው ክቡ ከመቆረጡ በፊት፣ ገና ንጣፍ እያለ ነው። ስለዚህ ሲቆረጥ የጠርዙ ብረት ራቁቱን ቀረ። ዝገቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይጀምራል፤ ፊቱን ብቻ ብታይ ዘግይተህ ነው የምታውቀው። በካፕሱል አስቀምጠው፣ ስታየው ጠርዙን እይ።

አልበሙን አቁመህ አስቀምጥ። ካስተኛኸውና ሌላ ከደረብህበት ክብደቱ ሁሉ የታችኛው ገጽ ላይ ያርፋል፣ መስኮቶቹ ሳንቲሞቹን ይጫናሉ። ማቀፊያ ሳጥን ካለው ጥሩ፤ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ሁለት ከረጢት እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ጣል አድርግ፣ ሲጠግብም አድርቀህ መልሰው። የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ከሱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ሙቀት ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው፣ በቀዘቀዘ ብረት ላይ ጤዛ የሚሠራው እሱ ነው። ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ሥር፣ ከውጭ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ መደርደሪያ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ቁም ሣጥን፣ እነዚህ አይሆኑም። የኦክ እንጨት አሲድ ያለው ትነት ስለሚለቅ ከሱ ራቅ፤ የላስቲክ ማሰሪያና የሱፍ ጨርቅ ድኝ ስላላቸው ከብር አጠገብ አይቀመጡ።

ለእንግዳ ስታሳይ ገጹን እንጂ ሳንቲሙን አትስጥ። ከመያዣው የወጣ ሳንቲም ማየት የሚፈልግ ካለ፣ ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ለስላሳ ጨርቅ አንጥፍ፣ ጠርዙን ብቻ እንዲይዝ ንገረው፣ ሳንቲሙ ላይ አጎንብሶ እንዳያወራም አስታውሰው። የምራቅ ፍንጣቂ ዛሬ አይታይም፤ ከወራት በኋላ መዳቡ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

የተጎዱትን ሃፍ ክራውኖች ከአሁን በኋላ በየሦስት ወሩ አውጥተህ መብራት ሥር ዘንበል አድርገህ እያቸው። የፒቪሲ ቅሪት በፊደሎቹ ጥግ ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ጭጋጉ ከተመለሰ እንደገና በአዲስ አሴቶን አሳልፋቸውና መያዣውን ጥለህ በአዲስ ቀይርላቸው፤ የቆሸሸውን መስኮት መልሰህ አትጠቀምበት።